ጆሮ ያለው ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበረ፤ ጃዝም ይወድ ነበር። ትርሲት፣ አትቁነጥነጪ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። አንቺና ጓደኞችሽ ጃዝ የምትጫወቱበት ጥሩ ቤት በምን ይመረጣል ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንደኛው ቤት አዲሱ ፎቅ ላይ ያለው በመስታወት የተከበበ አዳራሽ ነው፣ ሌላው ከጋራዡ ጀርባ ያለችው ጠባብ ቤት ናት አልሽኝ። መልሱን በአንድ ቃል ብነግርሽ ደጃፌን ሳትወጪ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ሀብታሙን ስሚው።

ሀብታሙ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚወደው አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ሳክስፎን ነፊ ነው። አባቱ ሲሞት ሀብታሙ እንባ እምቢ ብሎት ለቀስተኛው ሁሉ ታዝቦት ነበር። በኋላ ይህ ጓደኛው መጥቶ በትዝታ ቅኝት ቀስ አድርጎ ሲነፋለት ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ሳክስፎን ዝም ያለ ቀን እኔም ደርቄ እቀራለሁ ብሎ ያምን ነበር።

ነፊው ግን ተማሮ ነበር። ሠርግ ላይ ሲጫወት ሙሽሮቹ መነጋገር አልቻልንም፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ይሉታል። ሆቴል ሲጫወት ኬክ የያዘ ሰው መጥቶ የልደት መዝሙር ንፋልን ይለዋል። ምግብ ቤት ሲጫወት ሥጋ ቆራጩ ከከበሮ መቺው ጋር ይፎካከራል። አንድ ቀን ለሀብታሙ «አንድ ጊዜ እንኳ የሚሰማኝ ቤት ካላገኘሁ፣ ይቺን ሳጥኗ ውስጥ ቆልፌ እተዋታለሁ» አለው። ሀብታሙ ክው አለ። የቤቱን ነገር ለእኔ ተወው ብሎ ማለ።

ሀብታም ደግሞ ቤት የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ወለሉ እብነ በረድ፣ ግድግዳው ዙሪያውን መስታወት የሆነ አዳራሽ አገኘ። መኪና ማቆሚያው ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ፤ መጸዳጃ ቤቱን ገብቶ አየ፤ የወንበሮቹን ልብስ በጣቱ ዳሰሰ። ስለ ድምፅ የጠየቀ የለም። ነፊው መጥቶ አዳራሹ መሃል ቆመና ቤቱን ልሞክረው ብሎ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ፣ ሀብታሙ ያዘው። «ጭብጨባው ማታ ሰው ሲመጣ ይደርሳል፤ ምን አስቸኮለህ?» አለው።

ማታ ሰው መጣ። ነፊው አንድ ድምፅ ሲልክ መስታወቱ ሁለት አድርጎ ይመልስለታል። ከበሮው ድስት ከደረጃ ላይ እንደሚንከባለል ሆነ። እንግዶቹ እርስ በርስ ለመደማመጥ ጮኹ፤ ሙዚቀኞቹ ከእንግዶቹ በላይ ለመሆን ጮኹ፤ እንግዶቹም መሸነፍ አልፈለጉም። በዚህ መሃል ነፊው ዓይኑን ጨፍኖ ያችን ሀብታሙን ያስለቀሰችውን ዜማ ብቻውን ጀመረ።

ሀብታሙ አየው። ጓደኛው ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ ትዝ አለው። ከምግቡ ጠረጴዛ ላይ ጡጫ የሚያክል ጉርሻ ጠቅልሎ መድረኩ ላይ ወጣና «በሞቴ» አለው። እንግዲህ በሞቴ የተባለበትን ጉርሻ ማን ይመልሳል? ነፊው ሳክስፎኑን ከአፉ አውጥቶ አፉን ከፈተ። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል ይባላል፤ ሀብታሙ ከዚህ ሰው ጋር መጣላት ስለማይፈልግ ሁለተኛውን ደገመው። ነፊው እስኪያላምጥ ባስ የሚጫወተው ምስኪን ያችኑ ዜማ ከእሱ ተቀብሎ መልሶ መላልሶ እያዞረ ጠበቀ። እኔም ባስ ተጫዋች ስለሆንኩ ከሁሉም አብልጬ የማዝነው ለእሱ ነው። ያኔ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያን ማታ የተጨበጨበው ለጉርሻው ብቻ ነው።

ነፊው አፉን ጠርጎ ሳክስፎኑን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው። ቁልፉን ሊያዞር ሲል ሀብታሙ እግሩ ላይ ሊወድቅ ደረሰ፤ አንዴ ብቻ ዕድል ስጠኝ ብሎ ለመነው። ነፊው ብዙ ካሰበ በኋላ «እንግዲያውስ ግድግዳው ጆሮ ያለው ቤት ፈልግልኝ» አለና ወጣ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ትርጉሙን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ወሬ ጠቢ አለና ድምፅህን ቀንስ ማለት ነው። ሀብታሙም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ነገሩ ግራ ቢገባውም የሙዚቃ ሰው ምን እንደሚፈልግ እኔ በምን አውቃለሁ ብሎ ደላላ ጠራና ምስጢር የሚወጣበት ቤት ፈልግልኝ አለው። ደላላው ዕድሜውን ሙሉ ሰላም ያለበት ቤት፣ ጎረቤት የማያውክበት ቤት ሲባል የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት ባያውቅም አልተከራከረም፤ ማንም የማይወስድለት አንድ ቤት ነበረው።

ቤቱ የጭቃ ነው። ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነው። ከግድግዳው ማዶ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። በእሳቸው ምክንያት ተከራይ አይበረክትበትም ነበር፤ ባልና ሚስት በሹክሹክታ ተጣልተው ያደሩ እንደሆነ፣ ጠዋት በር ላይ ጠብቀው ጠቡን ከነፍርዱ ይነግሯቸዋል።

ነፊው መጥቶ መሃል ላይ ቆመ። አሁን የሚከለክለው ስለሌለ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጭብጨባው ጧ ብሎ እዚያው ቀረ፤ ጭቃውና አቡጀዲው ዋጡት። ነፊው ፊቱ ፈካ። ሊደግም ሲል ከግድግዳው ማዶ «ማነው እሱ? ቤቱ ተከራየ እንዴ?» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ሀብታሙ ኮራ ብሎ «እንዳልከኝ ነው፤ ጆሮ አለው» አለ።

ማታ ጥቂት ሰው መጥቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ምግብ ሙዚቃው እስኪያልቅ አይቀርብም ተባለ። ሀብታሙ ራሱን ስላላመነ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። ሙዚቃው ተጀመረ። ነገር ግን ቤት መቀየር ሰው አይቀይርምና፣ ነፊው ያችን ዜማ ቀስ አድርጎ ሲጀምር ከኋላ ያሉት ስለ መሬት ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ነፊው ሰማቸው። ዓይኑ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ ሀብታሙም ያን ዓይን አየ።

በዚህ ጊዜ ግድግዳው ኳ ኳ ኳ አለ።

ሁሉም ደነገጠ። ጎረቤቷ አላስተኛ ብላችሁኛል ልትል ነው ብለው ሙዚቀኞቹ ቆሙ። ሀብታሙ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሳይናገር እትዬ ደብሪቱ ከማዶ ቀደሙት።

«እናንተ መሬት የምትሸጡት፣ ዝም በሉ እንጂ! ሰውየው የሚያወራው አልሰማ አለኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ነፊው ቆሞ ግድግዳውን አየና ፊቱን ከእንግዶቹ ወደ ጭቃው አዞረ፤ ዜማዋን ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ነፋት። ከኋላ ያሉትም ሰሙ፤ መስማት እንዲህ ጣፋጭ መሆኑን ያላወቁት ስላልሞከሩት ነበር። ሀብታሙ ተመልሶ እጁ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ እንባውን እንዳይጠርግ እጁ ተይዟል። ሳጥኑ ከዚያ በኋላ አልተቆለፈም። እትዬ ደብሪቱን ገብተው ከፊት ወንበር እንዲቀመጡ ቢለምኗቸው፣ እኔ የለመድኩት ከዚህ ነው ብለው እምቢ አሉ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ሀብታሙ እኛ ነን። የምንወደውን ሰው እናጎርሰዋለን፣ ወንበር እንስብለታለን፣ ያማረ ቤት እንከራይለታለን፤ ሲናገር ግን አንሰማውም። ነፊው ሰሚ የለመነው ለሳክስፎኑ ብቻ አልነበረም። ያ መስታወት አዳራሽም እንደ ብዙ ሰው ነው፤ አቀባበሉ ያምራል፣ የነገርሽውን ግን መልሶ ራስሽ ላይ ይጮህብሻል።

ሂጂና ሁለቱም ቤት መሃል ቆመሽ አጨብጭቢ። ጭብጨባሽ ተመልሶ ከተከራከረሽ፣ ፎቅም ቢሆን ውረጂ። ዝም ካለልሽም ገና ነው፤ ጭቃው ጭብጨባውን ዋጠ እንጂ ወሬኛውን ዝም ያሰኙት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እዚያ ቤት አንድ ደብሪቱ እንዳለች አጣሪ። ካለች፣ ከጋራዥ ጀርባም ቢሆን ትራምፔትሽን አውጪ።

የትም ብትጫወቺ ግን ጠግበሽ ሂጂ። ትራምፔትም እንደ ሳክስፎን በአፍ ነው፤ በሞቴ የሚል ወዳጅ ደግሞ የትም አይጠፋም።