ትርንጎና የሚንሸራተተው መነጽር

አንድ ጊዜ፣ ጦጣ መነጽር በምትሠራበት፣ በሬ ወፍጮ ቤት በሚያስተዳድርበት አገር፣ እመት አህይት የምትባል ጭነት ተሸካሚ ነበረች። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ትርንጎ ከዳውን ሲንድረም ጋር የተወለደች ውርንጭላ ናት። ጉልበቷ ከእኩዮቿ ዘግይቶ ነው የጸናው፤ አፏም ገና በቅጡ ስላልፈታ ያሏት ቃላት ጥቂት ናቸው። ፍቅሯ ግን ለመንደሩ ሁሉ ይተርፋል። ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ትላለች፤ ሰላም ያለችውንም ትከተላለች።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ትርንጎ ሩቅ አታይም። ጉቶ ሰላም ብላ መልስ ስትጠብቅ የቆመችበት ጊዜ አለ። ይህስ ያስቃል። የማያስቀው፣ ከወንዙ ማዶ አያ ጅቦ መኖሩ ነው። የትርንጎ ዓይን አያ ጅቦን ከአክስቷ አይለይም። እመት አህይት ይህን ባሰበች ቁጥር የበላችው ሣር አይወርድላትም።

ስለዚህ እመት ጦጢት ዘንድ ሄዳ መነጽር አሠራችላት። ፍሬሙ ቀይ፣ መስታወቱ ወፍራም፣ ሲያዩት የሚያምር ነበር። ትርንጎ ለአፍታ አደረገችውና ራሷን ነቅንቃ እሾህ ውስጥ ወረወረችው። እናቷ አውጥታ አደረገችላት። ጭቃ ውስጥ ገባ። አጥባ መለሰችላት። ከላም እግር ሥር ተገኘ። ጥጆችና ግልገሎች መነጽሩ በተወረወረ ቁጥር እየተንከተከቱ ለማምጣት ይሽቀዳደማሉ፤ እነሱ ሲስቁ ትርንጎም ትስቃለች። እመት አህይት ለመነች፣ ገብስ እሰጥሻለሁ አለች፣ ጮኸች። በመጨረሻም መነጽሩን በሣር ገመድ አሰረችላት። ትርንጎ ገመዱን በላችው።

«ምነው ልጄ! ምነው እንዲህ ግትር ሆንሽ!» አለች እናት።

በዚያ ስታልፍ የነበረችው እሜቴ ቀበሮ ይህን ሰምታ ቆም አለች። «ምን አደከመሽ እህቴ?» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ለእሷ መነጽር ምን ያደርግላታል? ተያት፣ እንደልቧ ትጫወት። በተለይ ወንዝ ስትወርዱ አታድርጊላት፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይቀርብሻል።»

ያዘነች ትመስላለች አይደል? ቀበሮ ግን በነጻ አዝና አታውቅም። አያ ጅቦ በልቶ የተረፈው የሚደርሰው ለእሷ ነው። እመት አህይት «ለእሷ ምን ያደርግላታል» የሚለው ንግግር አንጀቷን ቢያሳርራትም፣ በጣም ደክሟት ነበርና መነጽሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ቀበሮም ሲሰቀል አይታ ወደ ወንዙ ማዶ ገሠገሠች።

በማግስቱ አያ በሬ እመት አህይት ላይ ዱቄት ጫነ። ቸኩሎ ስለነበር አዛብቶ ነው የጫነው። ገና መንገድ ሳትጀምር ጆንያው ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ መጫኛውም ሆዷን ይከረክራት ጀመር። ቆመች። ቢገፋት አልንቀሳቀስ አለች። ጥቂት ታገሠችና ጭነቱን በእርግጫ አሽቀንጥራ ጣለችው።

«አንቺ ግትር!» አለ አያ በሬ ዱቄት በዱቄት ሆኖ።

«ግትር አይደለሁም!» ብላ ጮኸች። «ጭነቱ እየተንሸራተተ ነው! መጫኛው እያቆሰለኝ ነው! ከመሳደብህ በፊት ጎንበስ ብለህ ብታይ ምን ነበረበት?»

ይህን ስትናገር የራሷን ድምፅ ሰማች። ዕድሜ ልኳን ግትር ስትባል የኖረች እናት፣ ያንኑ ስድብ አንሥታ ለልጇ ሰጥታለች። እሷስ ቢያንስ የምትመልስበት አፍ አላት፤ ትርንጎ ግን «አቆሰለኝ» የሚለውን ቃል ገና አታውቀውም። እመት አህይት ዘወር ብላ ወደ ቤቷ ጋለበች። አያ በሬ «ዱቄቱስ? ኧረ ዱቄቱስ?» እያለ ቀረ።

ቤት እንደደረሰች ትርንጎን አቅፋ ከጆሮዋ ኋላ አየች። ጸጉሩ ተመልጧል፤ ቆዳው ቀልቷል። ገጣባ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነበር። ገጣባን አህያ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? መነጽሩን ከግድግዳው አውርዳ ቀስ ብላ አደረገችላትና ዝም ብላ ተመለከተች። ተንሸራቶ የአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ቆመ። ትርንጎ የምታየው በመስታወቱ ሳይሆን ከመስታወቱ በላይ ነው። ለካ መነጽሩ ሲያቆስላት እንጂ ሲያሳያት አልከረመም! እመት አህይት አለቀሰች። «ይቅር በይኝ ልጄ» አለቻት። ትርንጎ እንባዋን ላሰችላት።

ወዲያው ተያይዘው እመት ጦጢት ዘንድ ሄዱ።

«ልኩ ትክክል ነው!» አለች እመት ጦጢት ተቆጥታ። «ለውርንጭላ ሁሉ የምሠራው በዚህ ልክ ነው።»

«የማንን አፍንጫ ለክተሽ ነው?»

«የውርንጭሎችን ነዋ።»

«የትርንጎንስ?»

እመት ጦጢት ጭራዋን አከከች። አልለካችም ነበር። አሁን ግን ትርንጎን ወደ ብርሃን አቅርባ ጣቷን በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል አሳረፈች። «ውይ!» አለች። «እዚህ ጋ እኮ ዝቅ ያለ ነው፤ መነጽሩ የሚቀመጥበት የለውም። ጆሮዋም ትንሽ ናት። አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልሽው?» ፍሬሙን በትርንጎ አፍንጫ ልክ አጠበበችው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ አሳጠረችው፤ ከኋላም ለስላሳ የጥጥ ማሰሪያ አበጀችለት።

የትርንጎ ቁስል እስኪሽር ጠበቁ። ከዚያ እናቷ መነጽሩን ያደረገችላት ዋርካው ሥር ወስዳ ነው። ትርንጎ የዋርካውን ወፎች ጫጫታ ትወዳለች፤ አንድም ቀን ግን ወፎቹን አይታ አታውቅም። ቀና አለች። ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ።

«ወፍ!» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ወፍ! ወፍ! ወፍ!»

ነገሩ በዚያ ቀን አላለቀም። መወርወር ጨዋታ ሆኖባት ነበርና ትንሽ ቆይታ ወረወረችው። በዚህ ጊዜ እናቷ አልጮኸችም፤ ጥጆቹንም እንዳይስቁ፣ እንዳይሯሯጡ ለመነቻቸው። መነጽሩን ዝም ብላ አንሥታ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አደረገችላት። የሚሮጥም የሚስቅም ሲጠፋ መወርወሩ ሰለቻት። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ ጨመር እያለ መነጽሩ ፊቷ ላይ መዋል ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ወንዝ ወረዱ። እመት አህይት አንገቷን ደፍታ ትጠጣለች። ከማዶ አያ ጅቦ ሁለት ረጃጅም የሬት ቅጠሎች የአህያ ጆሮ አስመስሎ ራሱ ላይ አስሮ ብቅ አለ። የሬቱ ውሃ አፉ ውስጥ እየተንጠባጠበ ይመረዋል፤ ቢሆንም ምራቁን ይውጣል።

«ትርንጎዬ፣ ነይ ሳሚኝ!» አለ ድምፁን አቅጥኖ። «አክስትሽ ነኝ።»

ትርንጎ እንደ ልማዷ እየዘለለች ውሃው ውስጥ ገባች። መሃል ስትደርስ ግን ቆመች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ አየችው። ወደ ሌላው ጎን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«እማ!» አለች ባለ በሌለ ድምፅዋ። «ጅብ! ቅጠል!»

«ጅብ አይደለሁም!» አለ አያ ጅቦ ደንግጦ። «እውነት አክስቷ ነኝ! ካላመናችሁ እሜቴ ቀበሮን ጠይቁ፤ ቅጠሉን ያሰረችልኝ እሷ ናት!»

እመት አህይት ወንዙን እንዴት እንደተሻገረችው አታውቅም። የኋላ እግሮቿ ግን የት እንዳረፉ አያ ጅቦ በደንብ ያውቃል፤ አገጩን ይዞ እግሬ አውጪኝ አለ። ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀችውን እሜቴ ቀበሮንም «ዓይኗ አያይም አላልሽኝም!» እያለ ያሳድዳት ጀመር። ሁለቱም ወደዚያ መንደር ተመልሰው አልመጡም።

እመት አህይት ወንዙ ዳር ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ትስቃለችም፣ ታለቅሳለችም። ትርንጎ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ሥር ገባች። መነጽሩ ውሃ ተረጭቶበታል፤ ከቦታው ግን ንቅንቅ አላለም። «እፎይ!» አለች እናት። «እፎይ የኔ ዓለም!»

ያን ዕለት ማታ አዲስ ጣጣ መጣ። ትርንጎ መነጽሩን አላወልቅም አለች። እናቷ ብትለምናት፣ ብታባብላት፣ ገብስ እሰጥሻለሁ ብትላት በጄ አላለችም። እንዳደረገችው እንቅልፍ ወሰዳት። እመት አህይት ቀስ ብላ አወለቀችላትና፣ ስትነቃ እንድታገኘው አጠገቧ አስቀመጠችው። ከዚያም እሷ ራሷ፣ አንድ ጆሮዋን ለአያ ጅቦ ድምፅ ሳታቆም፣ እስኪነጋ ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ ለጥቅሙ የሰጠነውን ነገር ደጋግሞ ሲጥል፣ ግትር ከማለታችን በፊት ጎንበስ ብለን የቱ ጋ እንደሚያቆስለው ማየት እንዳለብን ነው።