ቃል ያልጨመረው ምስክር

ቀኛዝማች አጥናፍሰገድ የባልቴቷን የወይዘሮ ይመኙሻልን መሬት ቆርሰው ለመውሰድ ሲሉ፣ የወሰኑን ድንጋይ አራት ጢሰኞች አሸክመው ከዋርካው ሥር ወደ ወንዙ ዳር አዛወሩት። ባልቴቷ በከሰሷቸው ጊዜም ቀኛዝማች እነዚያኑ አራቱን ለምስክርነት ቆጠሩ።

አራተኛው ምላሱ ስለታም ነበርና ለብቻው ጠርተው አስጠነቀቁት። «ድንጋዩ ወንዙ ዳር ነው ብለህ ትምላለህ። አንዲት ቃል ብትጨምር ጎጆህን አፈርሳታለሁ!»

ከችሎት ሲቀርቡ ዳኛው «በሐሰት የመሰከረ ይታሰራል» አሉ። ሦስቱ ግን «ድንጋዩ ከአያቶቻችን ጀምሮ እዚያው ወንዙ ዳር ነው» ብለው ማሉ። አራተኛው አሰበ፤ ቢዋሽ እስር ነው፣ እውነቱን ቢናገር ጎጆው ፈራሽ ናት። ማለና «ድንጋዩ ወንዙ ዳር ነው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ዳኛው።

ሰውየው ጋቢውን ገለጥ አደረገና ሸክም የላጠውን ትከሻውን አሳየ። ቁስሉ ገና አልሻረም።

ቀኛዝማች ዘለው ተነሡ። «አንተ ከሃዲ! ድንጋዩን የተሸከምክበትን ትከሻ አሳይ ብዬሃለሁ?»



«ጌታዬ» አለ ሰውየው እጅ ነሥቶ፣ «እኔስ ያሉኝን ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ቃል የጨመሩት እርስዎ ነዎት።»