ወርቂትና የደፈረሰው ኩሬ

ተረት ተረት! ስል፣ እናንተ «የውሃ መሠረት!» በሉኛ። እሰይ፣ እንደሱ ነው። በሉ አሁን ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲጠይቅ ውሃ በሚመልስበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አቶ ይርዳው ዓሣ አጥማጅ ነው። መረቡን ሲያራግፍ ትልልቁን ለገበያ፣ መካከለኛውን ለድስት ይለያል። ቆሮሶ የሚባሉትን፣ ከጣት የማይበልጡ ባለ ቀለም ዓሦች ግን «እናንተ ደግሞ ምን ትረባላችሁ!» እያለ ወደ ሐይቁ ይመልሳቸዋል። የትርንጎ ዓይን የሚቀረው እነሱ ላይ ነው።

አንድ ቀን አላስችላት አለ።

«አንተ ይርዳው፣ እነዚህን ለእኔ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊያቸው? አንድ ጉርሻ እንኳ አይሞሉም።»

«ላያቸው ነዋ!»

«ዓሣ ይበላል እንጂ ይታያል እንዴ?»

ሳቀባት፤ ግን ሰጣት። ትርንጎም ከጓሮዋ ኩሬ ቆፈረች፤ ውስጡን በሸክላ አፈር ለቀለቀች፤ ከምንጩ ውሃ መርታ አስገባች። መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አስቀመጠች። ከዚያ ዓሦቹን ለቀቀች። አንዲት ቢጫ ሴት ነበረች፤ ስታበራ ጊዜ ወርቂት አለቻት። እንደሷው ቢጫ የሆነ ሸጋው የሚባል ወንድ ነበረ። ጥቂት ዝንጉርጉሮችም ነበሩ። አንድ ሰማያዊ ወንድም ነበረ፤ እሱ አባ ገፍትር ተባለ። ስሙን ያወጣለት ሰው አይደለም፤ ግብሩ ነው።

አባ ገፍትር ኩሬው ውስጥ በገባ በመጀመሪያው ቀን ድንጋዩን ዞረው፤ ከላዩ ቆመና ክንፉን ነፋ።

«ይህ ድንጋይ የማን ነው?»

«የአንተ!» አሉ ዓሦቹ።

«ጥላው ያረፈበት ውሃስ?»

«የአንተ!»

«ጥላው ያላረፈበትስ?»

ዓሦቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እሱም የእኔ ነው!» አለና ያባርራቸው ጀመር። አንዱን በጅራት፣ አንዱን በጥርስ፣ አንዱን በግንባር! የሸጋው ክንፍ ተተለተለ። ዝንጉርጉሮቹ ጥግ ለጥግ ተለጠፉ። ሲሯሯጡ የኩሬውን ወለል ቆሰቆሱት፤ ጭቃው ተነሣ። ያ እንደ መስተዋት ያበራ የነበረ ውሃ አተላ መሰለ።

ወርቂት በዚህ ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። ልቧ ሸጋውን ይፈልጋል፤ ዓይኗ ግን የራሷን ጅራት እንኳ አያይም። ከጨለማው ውስጥ አንድ ወንድ እየተንቀጠቀጠ፣ እየተሽኮረመመ መጣ።

«ነይ ወርቂት፣ ጎጆ እንውጣ።»

«ማን ነህ?»

«ሸጋው ነኛ!»

«ቀለምህን አሳየኝ።»

«ውሃው ደፍርሶ እንዴት ላሳይሽ? እመኚኝና ነይ።»

ወርቂት ልትከተለው አንድ ጊዜ ጅራቷን መታች። ወዲያው ቆም አለች። ሸጋው ክንፉ ተተልትሎ የለ? ይሄ የሚያውለበልበው ደህና ክንፍ ከየት መጣ? ቀረብ ብላ ብታየው አባ ገፍትር ነው! ከእሱ ዓይነት ሴት በኩሬው ስለሌለች፣ የሰው እጮኛ ሊያሳስት መምጣቱ ነበር። ወርቂት ወደ ኩሬው ዳር ሸሸች፤ አፏንም ከውሃው አውጥታ ጮኸች።

«እመቤቴ! እመቤቴ ትርንጎ! ይድረሱልኝ! እኔ የማገባውን ሳላይ አላገባም!»

ትርንጎ ሮጣ መጣች። ይርዳውም ከኋላዋ መጣና ውሃውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ትርንጎ፣ ይሄ ኩሬ ነው ወይስ የጠላ ቤት? ጾም ሊገባ ነው። እስከዚያ ካልታረቁ የጾም ወጥ ናቸው። አሁንማ ወፈር ብለውልሻል።»

ትርንጎ ደነገጠች። ወዲያው ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለች።

«ድንጋይ ሆይ፣ ጠቡ ባንተ ነው። ምን ላድርግ?»

«አውጪኝ!» አለ ድንጋይ። «ጀርባዬን ፍቀው ፍቀው ጨረሱት። እኔ ከሌለሁ በምን ይጣላሉ?»

ትርንጎ እያቃሰተች አወጣችው። ምን ዋጋ አለው! አሁን መሸሸጊያ ጠፋ። አባ ገፍትር ከዳር እስከ ዳር ማንንም የሚከልለው ስለሌለ፣ አንዱን ትቶ ሌላውን፣ ሌላውን ትቶ አንዱን ያሳድድ ገባ። ጠቡ ባሰ።

ትርንጎ ከደጇ ወደቆመው የውሃ ጋን ሄደች።

«ጋን ሆይ፣ ድንጋይ አሳሳተኝ። ምን ላድርግ?»

ጋን ሆዱን እያስተጋባ መለሰ። «ጠበኛውን ወዲህ አምጪልኝ። ሆዴ ሰፊ ነው።»

አባ ገፍትርን አጥምዳ ጋኑ ውስጥ ከተተችው። ኩሬው ጸጥ አለ። ትርንጎ «ተመስገን» ብላ ምሳዋን ልትበላ ተቀመጠች። ገና እጇን ሳትታጠብ ኩሬው ተናወጠ። ትናንት ሲንቀጠቀጥ የነበረው ትልቁ ዝንጉርጉር ክንፉን ነፍቶ ይፎክራል።

«ከዛሬ ወዲያ አባ ገፍትር እኔ ነኝ!»

ጋን ከት ብሎ ሳቀ። «እሱንም አምጪው፤ ቦታ አለኝ። የሚተካውንም አምጪ። ሁሉንም አምጪና እኔን ኩሬ አድርጊኝ!»

ትርንጎ ከኩሬው ዳር ቁጭ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ እንባዋም ጠብ አለ። ይህን ጊዜ ውሃ ተናገረች።

«ድንጋይን ጠየቅሽ፤ ጋንን ጠየቅሽ። የምደፈርሰው እኔ፣ የማልጠየቀው እኔ!»

«እናት ውሃ፣ ይቅር በይኝ። ንገሪኝ፤ እሰማለሁ።»

«አንድ ድንጋይ ንጉሥ ያነግሣል፤ ብዙ ድንጋይ ጎረቤት ያደርጋል። ድንጋዩን መልሺው፣ ግን ብቻውን አይሁን። ዓሦቹንም አብዢያቸው።»

«ላብዛቸው? በጥቂቶቹ እንዲህ የሆንኩ!»

«በጥቂትነታቸው ነው እንዲህ የሆንሽው። አንድ የሚያባርረው ያለው ይገድላል፤ ብዙ የሚያባርረው ያለው ይደክመዋል። ለሰማያዊው ደግሞ ሰማያዊ ሴቶች ፈልጊለት። አንዲት ብቻ እንዳታመጪ፤ በማባረር ይጨርሳታል። እሱን ራሱን መጨረሻ አስገቢው። እንግዳ ሆኖ ይግባ።»

ትርንጎ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ባሏ ሄደች። ይርዳው መጀመሪያ አጉረመረመ። «ለወጥ ያሰብኩትን ዓሣ ጭራሽ ልዳር?» አለ። ግን የሚስቱ ፊት እንዲያ ጠውልጎ ማየት አልቻለም፤ መረቡን አነሣና ወጣ። ሰማያዊ ሴቶችን፣ ቢጫዎችን፣ ዝንጉርጉሮችን ይዞ ተመለሰ። በመካከላቸው አንድ ሌላ ሰማያዊ ወንድ ነበረ።

ከኩሬው ዳር የተቀመጠች አንዲት እንቁራሪት ጉሮሮዋን ነፋች። «አቶ ይርዳው፣ ያንን ይመልሱት!»

«ለምን? ይሄም ሰማያዊ ነው።»

«ልብሱ ነው የሚመሳሰል፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። ከአባ ገፍትር ጋር ሲተያዩ ይጋደላሉ፤ ሴቶቹም አንዱን ከአንዱ መለየት ያቅታቸዋል። በኩሬው የሚኖር ሁሉ፣ ገና ከሩቅ ሲታይ ማን እንደሆነ ይታወቅ።»

ይርዳው ያንን ወደ ሐይቁ መለሰ። ከዚያ ድንጋይ ይሸከም ጀመር። የወጣውን ድንጋይ መለሰ፤ ሌላ አመጣ፤ ሌላም አመጣ፤ እየደረደረ ዋሻ ሠራ፤ መተላለፊያ ሠራ። ትርንጎ ልታግዘው እጇን ብትሰድ «ተዪ፣ ተዪ! ይሄኛው ወደ ግራ ነው!» ብሎ ተቆጣት። ትርንጎ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ሁሉም ገብተው ቤት ቤታቸውን ከያዙ በኋላ አባ ገፍትር ከጋኑ ወጣ። ኩሬው ውስጥ ሲገባ ክንፉን ነፋ።

«ድንጋዬ የታለ?»

«ፈልገው!» አሉ ዓሦቹ በአንድ ድምፅ።

አንዱን አባረረ፤ ያ ከዋሻ ገባ። ሌላውን አባረረ፤ ያም ከድንጋይ ጀርባ ተሰወረ። ሦስተኛውን ሲያባርር በፊቱ አራተኛው አለፈ፤ የቱን እንደሚከተል ጠፋው። ትንፋሽ አጥሮት መሃል ሜዳ ላይ ሲቆም፣ ሰማያዊ ሴቶቹ ከአንድ ዋሻ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ና ግባ። ጠባብ ናት፤ ግን ትበቃናለች።»

አባ ገፍትር ግራና ቀኙን አየ። አፈረ መሰለኝ። ገባ።

ሩጫው ሲበርድ ጭቃው ወደ ወለሉ ወረደ። ውሃዋ ጠራች። ወርቂት ሰማዩን አየች፤ ድንጋዮቹን አየች፤ በመጨረሻም ከአንድ ዋሻ ደጃፍ ሸጋውን አየችው። ክንፉ ድኖ እንደ አደይ አበባ ያበራል።

«እስቲ ዙርልኝ» አለችው።

ዞረላት።

«እንደገና።»

እንደገና ዞረላት።

«አሁን ጎንህን።»

«ወርቂት፣ ዞሮብኝ ልወድቅ ነው እኮ!»

«አየሁህ» አለች። «አንተ ነህ።»

ያኔ ሠርግ ሆነ! እንቁራሪቶቹ ከበሮ መቱ፤ ዝንጉርጉሮቹ ክብ ሠርተው እስክስታ ወረዱ፤ አባ ገፍትር ሳይቀር ከደጃፉ ሆኖ ጅራቱን እያማታ አጨበጨበ። ጾሙም ገባ፤ ይርዳው ሽሮውን በልቶ ኩሬውን እያየ ዋለ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን ወርቂት ዝም አለች።

«ወርቂት፣ ደስ አላለሽም?» አለች ትርንጎ። ዝም።

«ተቀየምሽኝ?» ዝም።

«ታማለች መሰለኝ» አለ ይርዳው። «ምግብም አትበላ። አገጯ አብጧል፤ እያት! ትርንጎ፣ ልትሞትብን ነው!»

እንቁራሪቷ በሳቅ ፈርሳ ውሃው ውስጥ ወደቀች። «አይ ሰዎች! የቆሮሶ እናት ልጆቿን የምታዝለው በአፏ ነው እኮ!»

ይህን ጊዜ ወርቂት ወደ ውሃው ፊት ብቅ ብላ አፏን ከፈተች። እንደ ጤፍ የደቀቁ፣ ዓይን ዓይን ብቻ የሆኑ ልጆች ተግተልትለው ወጡ። እያንዳንዳቸው ቢጫ ናቸው። ወርቂትም ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ «እፎይ!» አለች።

ይርዳው ቁጢጥ ብሎ አያቸው፤ አያቸው፤ አይቶ አልጠግብ አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ትርንጎ፣ ዶማውን አምጪልኝ። ለነዚህማ ኩሬው ይጠባል።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጠብ ያደፈረሰው ውሃ ሙሽራ ያሳስታል፤ ቤት ለሁሉ ሲደርስ ግን ገፍታሪም ጎረቤት ይሆናል።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ለልጅ ልጅ አድርሱ፣ ለእኔም ቆሎ አጉርሱ!