የኤሊ አስተርጓሚ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በየቤታቸው ኮምፒውተር አስገብተው ጌም መጫወት በለመዱበት ዘመን፣ አንድ አህያና አንዲት ሚዳቋ ነበሩ። በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። በኋላ ግን ድርቅ ገባና ሚዳቋ ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላ ወረደች፤ አህያ ደጋው ላይ ቀረ። መንገዱ ሩቅ፣ ገደሉም ክፉ ስለነበር መጠያየቅ አልቻሉም። እንደ ድሮው የሚገናኙት «የሜዳው ሩጫ» በሚባል ጌም ውስጥ ብቻ ነበር። አህያ ጭነቱን ካራገፈ፣ ሚዳቋም ልጆቿን ካበላች በኋላ በየኮምፒውተራቸው ፊት ይቀመጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያደጉበትን በመሰለ አረንጓዴ ሜዳ ጎን ለጎን እየሮጡ የሆዳቸውን ያወራሉ።

ጌም የሚገኘው ከአንበሳ መደብር ነበር። አንበሳ ኮምፒውተርም ይሠራል፤ ደጋው የሚጠቀመው የእሱን ነው። ቆላው ግን ዝሆን የሚሠራውን ይጠቀማል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሥዕል የሚሥሉበት ቋንቋ ስለማይገናኝ፣ መደብሩ እያንዳንዱን ጌም በሁለት ዓይነት ያዘጋጅ ነበር።

የመደብሩ ኃላፊ ጅብ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አሰበና፣ ለዝሆን ኮምፒውተር የሚዘጋጀውን ብናስቀር የቆላው እንስሳ ሁሉ የአንበሳን ለመግዛት ይሰለፋል ብሎ ደመደመ። ማንንም ሳያማክር አስቀረው።

በዚያው ቀን የሚዳቋ ስክሪን ጨለመ። አህያ መነሻው መስመር ላይ ብቻውን ቆሞ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ የሚመጣ የለም።

አህያ ወደ መደብሩ ሄዶ ለጅብ አቤት አለ። ጅብም ጓደኛህ ያላትን ጥላ የእኛን ትግዛ አለው። አህያ፣ ሚዳቋ ድርቁ ያላትን ሁሉ እንደጨረሰባት፣ እንኳን ኮምፒውተር መለወጥ ልጆቿን ማሳደጉም እንደከበዳት አስረዳው።

«እሱ የእሷ ጣጣ ነው» አለ ጅብ፤ ወደ ምሳውም ዞረ።

አህያ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ምንጩ አጠገብ ከሚኖረው ከኤሊ ቤት ደረሰ። ኤሊ ፕሮግራም ይሠራል፤ ሥራው አዝጋሚ ነው፣ የጀመረውን ግን አይተውም። አህያ የደረሰበትን ሁሉ ነገረው። ኤሊም አንገቱን አውጥቶ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ሣሩ ያው ሣር ነው፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚጠሩት በተለያየ ቋንቋ ነው እንጂ» አለው። «ስለዚህ ጌሙን እንደ አዲስ መሥራት የለብንም። መሐል ሆኖ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ልሠራልህ እችላለሁ። ጊዜ ግን ይፈጃል።»

«እጠብቃለሁ፣ ጋሽ ኤሊ» አለ አህያ።

ኤሊ ሥራውን ጀመረ። ትንሽ በሠራ ቁጥር በኮምፒውተሩ ለሚዳቋ ይልክላታል፤ እሷም ከፍታ ያየችውን ትነግረዋለች። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቀጥሎ ሜዳው ታየ፤ ግን ተገልብጦ፣ ሣሩ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች ሆኖ ነበር። ኤሊ ነገሩን ሲመረምር አንዱ ኮምፒውተር ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ እንደሚቆጥር አወቀና አስተካከለው። ከዚያ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ቦታ ተለዋወጡ፤ ሰማዩ እንደ በርበሬ ቀላ፣ አፈሩም ሰማያዊ ሆነ። ሚዳቋ በሳቅ ስትፈርስ ልጆቿ ምን መጣ ብለው እየሮጡ መጡ። ኤሊ አልተቀየማትም። ቅጠሉ፣ ድንጋዩ፣ ውኃው ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ ጠየቃት እንጂ።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ኤሊ የመጨረሻውን ልኮ ሲጠብቅ ከሚዳቋ ድምፅ ጠፋ። አሁንም ተበላሸ ማለት ነው ብሎ ከፋው።

«ምን ይታይሻል?» ሲል ጠየቃት።

ሚዳቋም፣ «አህያ ይታየኛል» አለች። «መነሻው ላይ ቆሟል። እየጠበቀኝ ነው።»

ፕሮግራሙ ተሠራ፤ ወደ መደብሩ ካልገባ ግን ለሌላው እንስሳ አይደርስም። መደብሩ ደግሞ ተዳክሞ ነበር። ከቆላ ለመግዛት የተሰለፈ አልነበረም። ጌም ሠሪዎቹም የሚጫወትላቸው ሲያንስ እየተዉ ሄደዋል። እዚያው የምትሠራው ቀበሮ ይህን ሁሉ ስታይ ከርማለች፤ የኤሊንም ሥራ ሰምታለች። ጅብ ለአህያ ብሎ ምንም እንደማያደርግ ስለምታውቅ በሌላ በኩል መጣችበት።

«አያ ጅቦ፣ ደጋውን ብቻ ቢበሉ ይሻልዎታል ወይስ ቆላውንም ጨምረው?» አለችው።

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ሁለቱንም ነዋ።»

«እንግዲያው የኤሊን አስተርጓሚ ያስገቡ። የቆላው እንስሳ ኮምፒውተሩን ሳይጥል ከእርስዎ ይገዛል።»

ጅብ ፕሮግራሙን የራሱ ብቻ ሊያደርገው ቋምጦ ኤሊን ይዞ አንበሳ ዘንድ ቀረበ። አንበሳ ነገሩን ከሥሩ ሰማና የቸገረውን ጠየቀ፤ ነገ ነብር ደግሞ ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ይዞ ቢመጣ ሁሉም ነገር እንደገና ሊሠራ ነው ወይ አለ። ኤሊም አስተርጓሚው ብቻ የነብርን ቋንቋ ቢማር እንደሚበቃ፣ ጌሞቹ ግን እንደተሠሩ እንደሚቆዩ አስረዳው።

«ለዚህ ሥራህ ምን ልሸልምህ?» አለ አንበሳ።

«አይቆለፍብኝ፣ ጌታዬ» አለ ኤሊ። «የፈለገ ሁሉ ይውሰደው።»

ጅብ ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ አንበሳ ቀና ብሎ ሲያየው መልሶ ገጠመው። አንበሳም ኤሊን አመስግኖ ፈቀደ። ቀበሮን የመደብሩ ኃላፊ፣ ጅብን በረኛ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የጅብ ሥራ ቀድሞ አሳፍሮ የመለሳቸውን እንስሳት እጅ እየነሳ ማስገባት ሆነ።

አህያ የለመለመ ሣር ተሸክሞ ኤሊ ቤት ሄደ። ሣሩን ከፊቱ አስቀምጦ አመሰገነው። ኤሊ ሳቀና ያን ጌም አንድም ቀን ተጫውቶት እንደማያውቅ ነገረው። አህያም የዚያኑ ዕለት ጋበዘው፤ ወሬው ስለተሰማ ከደጋም ከቆላም ብዙ እንስሳ መነሻው ላይ ተሰበሰበ።

ሩጫው ተጀመረ። ኤሊ በጌሙ ውስጥም ያው ኤሊ ነው፤ ዛፉን እያየ፣ የሠራው ሰማይ ልክ መሆኑን ቀና ብሎ እያረጋገጠ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ግራ ቀኙን ሲመለከት አህያ በአንድ ጎኑ፣ ሚዳቋ ከልጆቿ ጋር በሌላው ጎኑ እየሄዱ ነው። ሌሎቹም ሁሉ ከኋላ ናቸው።

«ሩጡ እንጂ! ጨዋታው ሩጫ አይደለም እንዴ?» አላቸው።

«ጋሽ ኤሊ፣ ልጆቼ ያደግሁበትን ሜዳ የሚመስል ነገር እንደገና ያዩት በእርስዎ ነው» አለች ሚዳቋ። «ዛሬ እርስዎን ቀድመን የምንደርስበት ቦታ የለንም።»

ኤሊ አንገቱን ወደ ቅርፊቱ ሊያስገባ ቃጣውና ተወው፤ ሁሉም በእሱ እርምጃ ሜዳውን አቋርጠው እስከ መጨረሻው አብረው ሄዱ።

ከዚህ የምንማረው፣ በር ዘግቶ ለብቻው ሊጠቀም የሚሞክር የራሱንም ጥቅም እንደሚያጣ፣ የተለያዩትን በትዕግሥት የሚያገናኝ ግን ለሁሉም እንደሚተርፍና ውለታውም ሊመሰገን እንደሚገባው ነው።