ከግቢ ውጣ የተባለው አንቴና

አከራያችን አቶ ወንድይፍራው "አንቴና መብረቅ ይጠራል፤ አንቴና ያገኘሁበት ተከራይ በዚያው ቀን ከግቢዬ ይወጣል" ብለው አውጀዋል። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ ደግሞ የትንሿ ሬዲዮዋ አንቴና ቢሰበርባት፣ ጉማጁ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ጠምጥማ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ሰውየው ደረሱባት፤ እኔም በመጋረጃዬ ቀዳዳ አያለሁ።

"ይኸው አንቴና! ዕቃሽን ሰብስቢ!" ብለው ሽቦውን መነጨቁት። ሬዲዮው ሽሽሽ አለ። ሊወረውሩት ጉማጁን ይዘው ብድግ ቢያደርጉት ግን ዜናው ጥርት ብሎ ወጣ። ሲለቁት ሽሽሽ፣ ሲነኩት ዜና!

ያቺ ምላሰኛ ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ "ጋሼ፣ አሁን እኮ አንቴናው እርስዎ ሆኑ። መብረቁ ሳይመጣብን ቶሎ ይውጡልን፤ ዕቃዎን እኔ እሰበስብልዎታለሁ!"