መጀመሪያ ማን ዋይፋዩን ይዝጋ

«ተረቴን ላምጣ?» «አምጪው!» እንግዲያው የሚያምን ይጠጋ፣ የሚጠራጠርም ጥጉን ይዞ ይስማ።

በአንድ ትልቅ አዳራሽ የሥዕላዊ ታሪክና የጌም ወዳጆች በዓል ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ግማሹ የካርቶን ጥሩር ለብሷል፣ ግማሹ ፀጉሩን ሰማያዊ ቀብቷል። ምንታምር ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው፤ የጓደኛዋን የውብርስትን ፊት በስልኳ ለውድድሩ ዳኞች ማሳየት። የመጽሐፋቸው ሥዕል የምንታምር ነው፣ ታሪኩ የውብርስት። ውብርስት ደግሞ እግሯ ተሰብሮ ደሴ ተኝታለች። ሁለቱም በአካል ወይም በቪዲዮ ካልቀረቡ መጽሐፉ ከውድድር ይሰረዛል፤ ልፋታቸው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ቪዲዮው ግን እንቢ አለ።

አዘጋጆቹ ሆን ብለው ነው፣ መስመሩን ለወዳጆቻቸው ሰጥተውት ነው አለች በሆዷ። የአዳራሹን ዋይፋይ ወደሚቆጣጠረው ወደ ልዑልሰገድ ሄደች።

እሱም ሰው የሚያምን አይደለም። የአዳራሹን ያላመነ ሁሉ የየራሱን ዋይፋይ ይዞ መጥቶ አብርቷል፣ የሁሉም ሞገድ ባንዴ ሲጮህ ማን ማንን ይሰማል አላት። ተናዶም የአዳራሹን ዘግቶታል። «ያ የጌሙ ልጅ ኪሩቤል መጀመሪያ ይዝጋ» አለ። ኪሩቤል ካልዘጋ ልዑልሰገድ አይከፍትም፤ ልዑልሰገድ ካልከፈተ ውብርስት አትታይም።

ኪሩቤል ስትመጣ ሲያያት የዋይፋይ ዕቃውን በመዳፉ ሸፈነ። ማን ልኮሽ ነው አላት። ጎረቤቱ ቲሸርት ሻጯ እትዬ አስካለ እያበሩ እሱ የሚዘጋ ሞኝ ነው እንዴ? እትዬ አስካለ ካልዘጉ ኪሩቤል አይዘጋም፤ ኪሩቤል ካልዘጋ ልዑልሰገድ አይከፍትም፤ ልዑልሰገድ ካልከፈተ ውብርስት አትታይም።

እትዬ አስካለ የኔ ጠፍቷል ብለው ማሉ። ከቲሸርቱ ክምር ሥር ግን አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ምንታምር አየችው፣ እሳቸውም ማየቷን አዩ። ቆጣ ብለው ወደ ፎቶ አንሺው አመለከቷት፤ ተካልኝ ያንን ጥግ የያዘው በከንቱ መሰለሽ አሏት። ጋሽ ተካልኝ ካልዘጉ እትዬ አስካለ አይዘጉም፤ እትዬ አስካለ ካልዘጉ ኪሩቤል አይዘጋም፤ ኪሩቤል ካልዘጋ ልዑልሰገድ አይከፍትም፤ ልዑልሰገድ ካልከፈተ ውብርስት አትታይም።

ጋሽ ተካልኝ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በር ላይ ትኬት የምታየዋ ፍሬሕይወት ላገኘችው ሁሉ ፈገግ ትላለች። ሰው እንዲሁ ፈገግ ይላል? አንድ ነገር ብታገኝ ነው። እንግዲህ ፍሬሕይወት ካልዘጋች ጋሽ ተካልኝ አይዘጉም፤ ጋሽ ተካልኝ ካልዘጉ እትዬ አስካለ አይዘጉም፤ እትዬ አስካለ ካልዘጉ ኪሩቤል አይዘጋም፤ ኪሩቤል ካልዘጋ ልዑልሰገድ አይከፍትም፤ ልዑልሰገድ ካልከፈተ ውብርስት አትታይም።

ፍሬሕይወት ፈገግታዋን ሰብስባ ምንታምርን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺስ? ከጠዋት ጀምሮ ሰዉን እየዞርሽ ትሰልያለሽ። ያንቺው ተዘግቷል?»

ምንታምር ልትምል ስትል እጇ ቦርሳዋን ነካ። እሷም አዳራሹን ሳታምን ጠዋት የራሷን አብርታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ኖሯል። ያም ሆኖ ለመዝጋት ሳሳች። እኔ ዘግቼ እነሱ ባይዘጉስ? ያኔ ከሁለቱም ወጣሁ ማለት አይደል? ይህን ስታሰላስል ዳኞቹ የሁለቱን ጓደኛሞች ስም ጠሩ። ውብርስት ትዝ አለቻትና ዕቃውን አውጥታ ፍሬሕይወት ዓይን ሥር ዘጋችው።

ምንታምር ብትዘጋ ፍሬሕይወት ዘጋች። ፍሬሕይወት ብትዘጋ ጋሽ ተካልኝ መዝጋቷን ሁለቴ አረጋግጠው ዘጉ። ጋሽ ተካልኝ ቢዘጉ እትዬ አስካለ ጠፍቷል ያሉትን አወጡና ዘጉ። እትዬ አስካለ ቢዘጉ ኪሩቤል እያጉረመረመ ዘጋ። ኪሩቤል ቢዘጋ ልዑልሰገድ ከፈተ። ልዑልሰገድ ቢከፍት ውብርስት ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ እግሯ ትራስ ላይ እንዳለ፣ ዳኞቹ ፊት ታየች።

«ስጠብቅ ሞቼ ነበር እኮ» አለች። «ማነው የከለከለሽ?»

አምስቱም ምንታምርን ተከትለው መጥተው ነበርና ጣቷን ወደ ማን እንደምትቀስር በጎሪጥ እያዩ ጠበቁ።

«እኔው ነኝ» አለች ምንታምር።

አምስቱም አንገታቸውን ደፉ። መጽሐፉም ለውድድር ቀረበ።

ተረቴ አበቃች። አልመሰለኝም የሚል ካለ መጀመሪያ የራሱን ቦርሳ ይፈትሽ።