በኅዳር ምን ያብብልሻል?

እምምም… የሚል ድምፅ ነው መጀመሪያ የመጣው።

አንዲት ሴት ሊነጋጋ ሲል ደጇን ትጠርግ ነበር። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፤ ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይታይም። ያን ድምፅ ስትሰማ መጥረጊያውን ጥላ ባሏን ለመቀስቀስ ወደ ቤት ጮኸች። «ሽታሁን! ተነሥ እንጂ፣ መጡ!»

ማን መጣ? ንቦቿ ናቸዋ! ጥለዋት ከሄዱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ጥላ ጠብቃቸዋለች።

ግን እነሱ አልነበሩም። ከጭጋጉ ውስጥ የወጡት የእናቷ ወንድም አያ ዳምጤ ናቸው። ከቆላው ጫካ ቀፎ ተሸክመው መጥተዋል፤ ንቦቹ እንዳይወጡ አፉን በጨርቅ ደፍነውታል።

«ናፈቁኝ ናፈቁኝ እያልሽ አስቸገርሽን እኮ! በይ፣ ይኸው አመጣሁልሽ» አሏት።

ሴትዮዋ ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ወዳጆቼ፣ የድሮዎቹ ንቦች ለምን ሄዱ? ማን አባረራቸው? ማንም። ባሏ ሽታሁን ክፉ ሰው አይደለም። በመሬቱ ዳርቻ ግራዋ ነበረ፤ ብሳና ነበረ፤ ቀጋ ነበረ፤ ስሙን እንኳ የማናውቀው ስንት ሐረግ ነበረ። «ይሄ ሁሉ ዱር ምን ይሠራልኛል?» አለና መነጠረው። ከዳር እስከ ዳር ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለ። ቶሎ ያድጋል፣ እኩል ይቆማል፣ ሲያዩት ያምራል። ከእኛስ ያልተከለ ማን አለ?

ከዚያስ? ንቦቹ አንድ ቀን ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ወፎቹም ቀሩ። ወፍ ሲጠፋ ትሉ በዛ። ንብ ሲጠፋ ባቄላው አበባውን ያሳይና ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። አምና ደግሞ ዲከረንሱን በሽታ መታው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነውና አንዱን የያዘው ሁሉንም ያዘ።

አያ ዳምጤ ቀፎውን አስቀምጠው መሬቱን ይዞሩት ጀመር። ሴትዮዋ ከኋላ ከኋላቸው ትላለች።

«መስከረም ላይ ምን ያብብልሻል?»

«አደይ ነበር… ድሮ።»

«በኅዳርስ?»

ሴትዮዋ ዞራ የታመመውን ዲከረንስ አየች።

«በሚያዝያስ?»

ከእንቅልፉ ተነሥቶ የተከተላቸው ሽታሁን ሳቀ። «አያ ዳምጤ፣ ንብ እንደ ማኅበርተኛ በየወሩ ድግስ ትፈልጋለች እንዴ?»

እሳቸው አልሳቁም።

እዚህ ላይ ልቁምና እናንተን ልጠይቅ። ዳር ላይ የበቀለውን አይታችሁ «ምን ይሠራል?» ብላችሁ አታውቁም? ፈጣሪ ምድርን በአንድ ቀለም አላለበሳትም። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ለንቧም ለወፏም የየወሩን ማዕድ ዘርግቶላቸዋል። እኛ ግን ይጠቅማል ያልነውን አስቀርተን ሌላውን ነቀልን። ነቅለን ስናበቃ እንናፍቃለን! የናፈቃችሁት ቢመጣ ምን ይበላል? የት ያርፋል? እስቲ ዛሬ ስትመለሱ የመሬታችሁን ዳርቻ እዩት። አንድ ክንድ ስፋት እንኳ ቢሆን ተዉት፣ ይብቀልበት። የናፈቀ ሰው አስቀድሞ ማረፊያ ያዘጋጃል።

ሴትዮዋማ ቀፎው የሚቀመጥበትን ቦታ በመዳፏ እየጠረገች ነበር።

«እዚህ ጋ ይሻላል አይደል፣ አጎቴ?» አለች።

አያ ዳምጤ አዩአት። ዲከረንሱንም አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀፎውን ተሸከሙና፣ «መጀመሪያ በኅዳር የሚያብብ ይኑርሽ» ብለው በመጡበት መንገድ ወረዱ።